ኤሌክትሮን «ኃይል» ማለት ነው ብዬ 12 ዓመት አስተማርኩ፤ 31 መልስ መጣልኝ

ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ ክሩን፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ኤሌክትሮን፣ አቶም ውስጥ ያለችው የኤሌክትሪክ ቅንጣት፣ የግሪክ ቃል እንደሆነ፣ ትርጉሙም «ኃይል» እንደሆነ ለተማሪዎቼ ስነግር 12 ዓመቴ ነው። ለእኔ ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ ምናልባት እኔንም ያስተማረኝ ሰው ይሆናል። ባለፈው ወር ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና ኃይል በግሪክኛ «ዲናሚስ» አይደለም ወይ፣ ዲናሞና ድማሚትስ ከዚያ አልመጡም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። አጣርቼ እነግርሻለሁ ብያት ወጣሁና ማታውኑ ጥያቄዬን ለጠፍኩ፦ ኤሌክትሮን በግሪክኛ ኃይል ማለት ነው ወይስ አይደለም?

አንድ መልስ ይበቃኝ ነበር። 31 መጣ። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ ሳያነብ እንደገና ስለሚጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ስም አልጠራም፤ አብዛኞቹም የሚጽፉት በቅጽል ስም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ሰጪ ሙጫ ማለት እንደሆነ ብቻ ጽፎ ሄደ። ሰላምታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

2ኛዋ ግን «መምህር» ብላ በአክብሮት ጀምራ፣ የፊተኛው ሰው እንዳላሾፈብኝ አስረዳችኝ። የግሪኮች «ኤሌክትሮን» ከዛፍ የፈሰሰ ሙጫ ነው፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ በሚሊዮኖች ዓመታት ደርቆ ድንጋይ የመሰለ፣ ማር የመሰለ ቢጫ፣ ዛሬ አምበር የምንለው። በጨርቅ ወይም በፀጉር ሲታሽ ገለባና ላባ ይስባል። ግሪኮች ይህን አዩ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ መጣ። ግሪኮቹ ስለ ሙጫው ተረትም ነበራቸው፤ የፀሐይ ልጅ ፋኤቶን ከሰማይ ወድቆ ሲሞት እህቶቹ እያለቀሱ ዛፍ ሆኑ፣ እንባቸውም አምበር ሆነ። ሆሜር ፀሐይን «ኤሌክቶር» ይላታል፤ የምታበራ ለማለት። ስለ ዲናሚስ ልጅቷ ትክክል እንደሆነችም አከለችልኝ። ይህን ያለችው በጨዋ ቋንቋ ስለሆነ ብዙም አላመመኝም።

3ኛው መልስ የእኔው ምስጋና ነው። ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

4ኛው፣ ከአዳማ የጻፈ ልጅ፣ አምበር ማንም ቤት ስለሌለ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ያው ሥራ እንደሚሠራ ተናገረ። ደረቅ ፀጉር ላይ አሥር ጊዜ ያህል ተስቦ ከሶፍት የተቆራረጡ ቁርጥራጮች ላይ ሲያዝ፣ ቁርጥራጮቹ መጀመሪያ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፣ ከዚያ ዘለው ይለጠፋሉ፤ አንዳንዱ ከተለጠፈ በኋላ መልሶ ተወርውሮ ይወድቃል። በጥር ይሠራል፣ በሰኔ ግን አይሠራም ብሎ አማረረ። ልክ ነው፤ እኔም ይህን ሙከራ ለክፍል የማሳየው በበጋ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን በማሸት የተጠራቀመው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ሳይታይ ይሸሻል። ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣውም በታኅሣሥና በጥር እንጂ በክረምት አይደለም።

5ኛው ሰው ኤሌክትሪክን ያገኘው የሚሊጢኑ ፈላስፋ ታሌስ እንደሆነ፣ ያውም ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት በፊት እንደሆነ በእርግጠኝነት ጻፈ። (ሚሊጢን ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ጠርቶ የተሰናበተባት ከተማ ናት፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ነች።) 6ኛው ለዚህ አልታገሠም። ታሌስ የጻፈው አንድ መስመር እንኳ አልተረፈም፤ ስለ ማግኔት ድንጋይ ነፍስ አለው ብሎ እንደነበር የሚነግረን አርስቶትል ነው፤ አምበርን ከታሌስ ጋር የሚያያይዘው የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጋን ላኤርቲዮስ ደግሞ የጻፈው ከታሌስ 800 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እናም ነፍስ አለው ማለትና ኤሌክትሪክ አገኘ ማለት አንድ እንዳልሆኑ፣ ሰው የሚያነበውን እንዲመርጥ ጭምር ነገረው። የመጨረሻዋ ምክር ባትኖር ጥሩ መልስ ነበር። በቅንነት ለመናገር እኔም ታሌስን እንደዚያው ነበር የማስተምረው፤ ዝም አልኩ።

7ኛው እስካሁን ከመጡት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ከውጭ አገር የጻፈ፣ የሳይንስ ታሪክ የሚያነብ ሰው ይመስላል። ፕላቶንም ስለ አምበር መሳብ አንድ ቦታ ላይ እንዳነሣ ጠቅሶ፣ ከዚያ ነገሩ ለ2000 ዓመት ያህል የጠረጴዛ ጨዋታ ሆኖ መቆየቱን ተረከ። ያነቃው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ነው። በ1600 ስለ ማግኔት በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ እንደ ኮምፓስ መርፌ በሹል እግር ላይ የምትሽከረከር ቀላል የብረት ዘንግ ሠርቶ ያገኘውን ነገር ሁሉ እያሸ አጠገቧ አቀረበ። አልማዝ፣ ሰንፔር፣ መስታወት፣ ድኝ፣ የማኅተም ሰም፤ መርፌዋ ወደ ሁሉም ዞረች። አምበር ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ስም ሲያስፈልገው «ኤሌክትሪካ» አላቸው፤ ቃል በቃል እንደ አምበር የሆኑ፣ አምበራማ እንበለው። በ1646 ደግሞ ቶማስ ብራውን የሚባል ሌላ ሐኪም ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ አምጥቶ «ኤሌክትሪሲቲ» አደረገው። ሰውየው መልሱን የዘጋው፣ ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ነገር ስሙ አምበርነት ማለት እንደሆነ በመናገር ነው። ይህችን ለክፍል ወስጃታለሁ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

8ኛው ወደ ጥያቄዬ መለሰን። ኤሌክትሪክ አንድ ነገር ነው፣ ኤሌክትሮን ሌላ፤ ስሙን ያወጣው የአየርላንዱ ጆርጅ ጆንስተን ስቶኒ ነው፣ በ1891። ስቶኒ ሲሰይመው ቅንጣቱን ማንም አላየውም ነበር፤ የኤሌክትሪክ ትንሿ ስፍር መጠሪያ ነበር፣ እንደ አንድ ሳንቲም ዓይነት። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ካምብሪጅ ላይ ቅንጣቱን ሲያገኘው ስሙን አልተጠቀመበትም፤ «ኮርፐስል» እያለ ነበር የሚጠራው፣ ከላቲን፣ ትንሽ አካል ለማለት። በ1906 ኖቤል ሽልማቱን ሲቀበልም ገና አልተወውም። ኤሌክትሮን ይባል ብሎ የተከራከረው የፊዚክስ ሊቁ ፊትዝጄራልድ ነው፤ ፊትዝጄራልድ ደግሞ የስቶኒ የእህት ልጅ ነው። ለአጎቱ አደላ ብሎ ቀለደ ጸሐፊው።

ጠቡ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። 9ኛው፣ ቋንቋ ያጠና እንደሆነ ደጋግሞ የሚያስታውሰን ሰው፣ እስካሁን የተባለውን ሁሉ በከፊል ውድቅ አደረገው። ስቶኒ የግሪኩን ሙጫ አንሥቶ በቅንጣቱ ላይ አልለጠፈም። ከ«ኤሌክትሪክ» ግማሹን ቆርጦ «ኦን» ጨመረበት፤ ያችን «ኦን» ያገኛት ከ«አዮን»፣ ቻርጅ ከያዘው አቶም ስም፣ ነው። አዮንን ፋራዳይ በ1834 ወደ ሳይንስ ያስገባው ሂዌል ከሚባል ሊቅ ጋር ተማክሮ ነው፤ በግሪክኛ የሚሄድ ማለት ነው። እንግዲህ የተሠራው ቃል ከጥንቱ የሙጫ ስም ጋር ፊደል በፊደል ገጠመ። ኤሌክትሮን ማለት ሙጫ ነው ያለው 1ኛው ሰው ስህተት ነው፤ ኤሌክትሮን ማለት ኃይል ነው ያልኩትም እኔ የባሰ ስህተት።

1ኛው ሰው ተመልሶ መጣ፤ 10ኛው መልስ የእሱ ነው፤ አሁንም አጭር። ልጅ የአያቱን ስም ቢወርስ የአያቱ ስም አይደለም ይባላል ወይ የሚል ነው ቁም ነገሩ። 9ኛው በ11ኛው መልሱ ምሳሌ ማስረጃ እንደማይሆን ነገረው፤ ደግሞም ቆርጦ መቀጠሉ በዚያ እንዳላበቃ አሳየን። ከኤሌክትሮን ጭራዋን «ትሮን»ን ገንጥለው ፖዚትሮን አሉ (የኤሌክትሮን ፖዚቲቭ አቻ)፣ ሳይክሎትሮን አሉ (ቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ)። «ትሮን» በግሪክኛ የመሣሪያ ምልክት ነው፤ «አሮትሮን» ለምሳሌ ማረሻ ነው። ራዘርፎርድ በ1920 ለፕሮቶን ስም ሲያወጣ ግን ከግሪኩ «ፕሮቶስ» ነው የወሰደው፣ የመጀመሪያ ከሚለው። ይህ ሰው አስቸጋሪ ቢሆንም ያወቀውን ያውቃል። ለእኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንደኛው ስለ ሥር፣ ሌላው ስለ ቅርንጫፍ ነበር የሚያወሩት። ይህን ብጽፍ ሁለቱም እንደሚነሡብኝ ስለገባኝ አልጻፍኩም።

12ኛዋ፣ የምሕንድስና ተማሪ፣ ሁለቱን ሳትነካ አለፈችና ያላሰብኩትን ነገር አመጣች። አምበር በሱፍ ሲታሽ ምን ይሆናል? ከሱፉ ኤሌክትሮን ይወስዳል። ተጨማሪ ኤሌክትሮን ስለያዘ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ገለባው ውስጥ ያለው ቻርጅ በዚህ የተነሣ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ገለባው ይሳባል። ስለዚህ ግሪኮቹ ያዩትን የሚያደርገው ያው ቅንጣት ነው፤ ስሙ ከሙጫው ሲወጣ ግን ስቶኒም ሆነ ጊልበርት ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ጊልበርት ያሰበው ከታሸው ነገር አንድ ዓይነት የማይታይ እርጥበት እየወጣ የሚይዝ መስሎት ነው። እኔ ፊዚክስ አስተማሪው ሙጫውንና ቅንጣቱን አገጣጥሜ አላየሁም ነበር፤ ይኸው ከተማሪ ተማርኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ወር።

ከዚያ ክሩ ባሕር ተሻገረ። 13ኛዋ ከሪያድ ጻፈች፤ ሰው ቤት ስትሠራ ስምንት ዓመት የሰማችው ቃል «ካህራባ» ነው፤ የካህራባ ቢል መጣ፣ ካህራባ ጠፋ። ይኸም ግሪክኛ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። 14ኛው ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ነበርና ደስ ብሎት መለሰላት፤ ቃሉ ወደ ዐረብኛ የገባው ከፋርስ ነው፤ «ካህ» ገለባ፣ «ሩባ» ነጣቂ። ገለባ ነጣቂ! የፋርስ ሰዎች ለአምበር ያወጡት ስም ነው። ዐረቦች የአውሮፓውን ኤሌክትሪክ የራሳቸው ቋንቋ ለማድረግ ሲፈልጉ ሥሩ አምበር መሆኑን ዐይተው በዚያው ገቡ። የሪያዷ እኅት በየወሩ ቢል የሚመጣባት በገለባ ነጣቂ ስም ነው ማለት ነው።

15ኛው ከእስራኤል፣ ከናታንያ ነው፤ እሱ ጋ ደግሞ «ሐሽማል» ይባላል። ዕብራይስጥን በ19ኛው መቶ ዘመን ለዘመኑ ኑሮ ያደሱት ጸሐፍት ቃሉን ያገኙት ከሕዝቅኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 1 ነው፤ ነቢዩ በደመናና በእሳት መካከል ሲያበራ ያየው ነገር ስም ነው። እናቱ ከጎንደር ስትመጣ ሐሽማልን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል እንደሆነ ሲነግራት እንዳላመነችው፣ ኦሪት ውስጥ አምፖል የለም ብላ እንደሳቀችበት ጨምሮ ጽፏል።

16ኛው ዲያቆን ነው። ሐሽማልንና አምበርን የሚያገናኘው ድልድይ ግሪክኛ እንደሆነ ያስረዳን እሱ ነው። የብሉይ ኪዳን የጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ ሰብዓ ሊቃናት የምንለው፣ ያንን የሕዝቅኤል ቃል ሲተረጉም «ኤሌክትሮን» ብሎታል። የዕብራይስጥ አዳሾቹ ይህን አይተው ነው ኤሌክትሪክን ሐሽማል ያሉት። የእኛም የግእዝ መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመው ከግሪኩ ነውና አባቶቻችን ያንን ቃል ፊት ለፊት አግኝተውታል። ከዚያ ዲያቆኑ ትንሽ ሞቅ ብሎት፣ ዲያቆን ራሱ ግሪክኛ እንደሆነ፣ ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ኤጲስ ቆጶስ፣ ይኸው የምንበላበት ጠረጴዛም ጭምር ግሪክኛ እንደሆኑ ዘረዘረ።

17ኛው አንጥረኛ አባት ያሳደገው ሰው ነው። ኤሌክትሮን ሙጫ ብቻ እንዳልነበረ፣ ወርቅና ብር ተቀላቅሎ የሚገኘውም ማዕድን በዚሁ ስም ይጠራ እንደነበር አመለከተ። የሮሙ ጸሐፊ ፕሊኒ ከአምስት እጅ አንዱ ብር የሆነ ወርቅ እንደዚያ ይባላል ብሏል። በልድያ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው የጥንት መንግሥት፣ የተመቱት የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን፣ ከዚሁ ናቸው። ቀለሙ ነው ያገናኛቸው፤ ብር የበዛበት ወርቅ ነጣ ብሎ ቢጫ ነው፣ አባቱ እንዲህ ያለውን ወርቅ ደንበኛ ሲያመጣ ፊቱን ያጨማድድ እንደነበር ያስታውሳል። ሕዝቅኤል ያየው ሙጫ ነው ወይስ ማዕድን ብሎ ዲያቆኑን ጠየቀ፤ ሊቃውንቱም እስካሁን አንድ እንዳልሆኑበት ነው መልሱ።

ክሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። 18ኛው ሰው ግን መጣ። ግሪኮች ሁሉን ነገር ከእኛ እንደወሰዱ፣ ኤሌክትሮንም ግእዝ እንደሆነ ጻፈ፤ «ኤል» አምላክ፣ «ክትር» የተከተረ፤ ኤል የከተረው ኃይል። ይህን የማያውቅ ሰው አስተማሪ መባል እንደሌለበት ጨምሮ፣ ማለትም እኔ።

19ኛው በዚህ ዓይነት ማካሮኒ ከ«መካሪ»፣ ሳይንስም ዕውቀት «ሳያንስ» ከሚለው መምጣቱ አይቀርም ሲል አሾፈ። 20ኛው ሳቀ፣ 21ኛው የሳቀውን ሰደበ፣ 22ኛው ሁለቱንም። 18ኛው ተመልሶ ሁላችንም የፈረንጅ ባሪያዎች እንደሆንን ነገረን፤ 23ኛው መልስ ነው፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝረውም። ሁለት መልስ አጥፉልኝ ብዬ ለአወያዩ ጽፌ ነበር፤ አልጠፉም።

ያረጋጋን ዲያቆኑ ነው፤ 24ኛ። 18ኛውን «ወንድሜ» ብሎ ጠርቶ፣ ክብር ከፈለግን በሐሰት ቃል መፍታት አያስፈልገንም ነበር አለው፤ እውነተኛው በቂ ነው። የኢዛና ሐውልት በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የተጻፈ ነው። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞቻቸው ላይ ግሪክኛ ጽፈዋል። ከዚያም በፊት በመጀመሪያው መቶ ዘመን ቀይ ባሕርን የዞረ አንድ የግሪክ ነጋዴ፣ በአዱሊስ በኩል የሚገዛው ዞስካሌስ ግሪክኛ ማንበብና መጻፍ እንደሚያውቅ ጽፎልናል። (እዚያው ላይ ስለ ንብረቱ ስስታም እንደሆነም ጽፏል፤ ይህን ዲያቆኑ አላነሣም፣ እኔ ነኝ።) ቃል ስንቀበል ከገበያ እንደ ዕቃ ተቀብለን ነው እንጂ ተገደን አይደለም የሚል ነበር ሐሳቡ። 18ኛው አልመለሰም።

25ኛው ሃያ ዓመት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው፤ ሁላችንንም ታዘበን። በሥራው ላይ ማንም ሰው ኤሌክትሪክ ያዘኝ ብሎ ሲጮህ ሰምቶ አያውቅም። ኮረንቲ ነው የሚይዘው። ኮረንቲ ደግሞ ከጣልያንኛ ነው፣ የሚሮጥ፣ የሚፈስ ማለት፤ ግሪክ የለበት፣ ሙጫ የለበት። ቴስተሩን ሶኬት ውስጥ ከትቶ አምፖሏ ስትበራ የሚያየው የሚፈስ ነገር መኖሩን ስለሆነ፣ ለእሱ ጣልያኖቹ ይበልጥ ትክክል ናቸው። በክሩ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የወደድኩት ይህን ነው። ሌላው ዓለም በሙጫ ሲጠራው እኛ በወራጅ ጠራነው፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ መብራት እንለዋለን። ሰው የሚያየውን ነው የሚጠራው።

ይህንን ተከትሎ ቀልድ መጣ። 26ኛው ቃሉን በታማኝነት ብንተረጉመው ሙጫ ሄደ፣ ሙጫ መጣ፣ የሙጫ ቆጣሪ እንደምንል አሰበ። 27ኛው የሶላር ማስታወቂያ ነው።

28ኛዋ ግን ሌላ ነገር ይዛ ገባች። ከሐረር ነች። የአያቷ የአንገት ጌጥ አለ፤ እንቁላል የሚያክሉ ቢጫ ፍሬዎች፣ መሃላቸው የተበሳ፣ ቤተሰቡ ዐንበር የሚላቸው። በክርክራችን መካከል ይህን ስታነብ ተነሥታ አወጣቻቸው፤ አንዱን በሱፍ ፎጣ አሸችው፣ ሶፍት ሳበ። እንግዲህ እውነተኛ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

12ኛዋ ተማሪ ተመለሰች፣ ይኸው 29ኛው መልስ። ማሸት ብቻውን እንደማይፈርድ ነገረቻት፤ ፕላስቲክም ይስባል፣ የአዳማው ልጅ ማበጠሪያ እንዳደረገው። በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ አምበር እየተባለ የተሸጠው ብዙው ከአውሮፓ የመጣ ባክላይት፣ የድሮ ፕላስቲክ ዓይነት፣ ወይም ገና ድንጋይ ያልሆነ ወጣት ሙጫ፣ ኮፓል የሚሉት ነው። ሁለት ሙከራ ሰጠቻት። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አልሟሟም እስኪል ድረስ ጨው አማስሎ ፍሬውን መጣል፤ አምበር ክብደቱ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ከ1.05 እስከ 1.1 ግራም ስለሆነ በጨው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ባክላይት ወደ 1.3 ስለሚደርስ ይሰምጣል። ኮፓልም ይንሳፈፋልና የተንሳፈፈውን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንድ ጠብታ መንካት፤ ኮፓል ከሆነ ጣት ላይ ይጣበቃል። ዐንበር ለሚለው ስም ደግሞ ማስተካከያ ጨመረች፤ ዐንበር በዐረብኛ መጀመሪያ ከዓሣ ነባሪ ሆድ የሚወጣው ሽቶ ነው፣ ባሕር ዳር ተገፍቶ ስለሚገኝ ከሙጫው ጋር ተደባልቆ ስሙን ለአውሮፓም አወረሰ። እንግዲህ አምበር የምንለውም ቃል የሙጫው ስም አልነበረም።

30ኛው አቴና የሚኖር አበሻ ነው። ሞናስቲራኪ ሠፈር በሱቆቹ ደጃፍ የሚንጠለጠል ኮምቦሎይ የሚሉት መቁጠሪያ አለ፤ ሽማግሌዎች ቡና እየጠጡ በጣታቸው የሚያንቀሳቅሱት፣ ጸሎት ሳይሆን ለጊዜ ማሳለፊያ። ውዱ ከአምበር የተሠራው ነው። ሻጩን ይህ ኤሌክትሮን ነው ወይ ብሎ በግሪክኛ ሲጠይቀው ሰውየው ሳቀበት፤ በገበያ ላይ «ኬክሪባሪ» ነው የሚባለው። ኬክሪባሪ ከቱርክ፣ የቱርኩ ከፋርስ፣ የፋርሱ ያው ገለባ ነጣቂ። ግሪኮች የራሳቸውን ቃል ለዓለም ሰጥተው በገበያቸው የፋርሱን ይናገራሉ። 9ኛው ሰው ይህን ወደደው፤ በክሩ ሁሉ ሰው ያመሰገነው እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ በአውራ ጣት ምልክት።

የሐረሯ እህት ውጤቷን በዚያው 28ኛ መልሷ ላይ አርማ ጨመረችው። ከዘጠኝ ፍሬ ስድስቱ ሰመጡ። ሦስቱ ተንሳፈፉ፤ ከሦስቱ አንዱ በማስለቀቂያው ተጣበቀ። ሁለት ቀሩ። እኔም የመክፈቻ ጽሑፌ ግርጌ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ የኢትዮጵያም አምበር አለ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ፣ ውስጡ ጉንዳንና ሸረሪት የታሰሩበት። በ2010 ሲታተም 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር፤ በኋላ በአበባ ዱቄት ቅሪት ተጠንቶ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ያለ እንደሆነ ታረመ። የእኔ ትምህርት ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ተማሪዬን ሰኞ ጠርቼ፣ ዲናሚስ ላይ ትክክል እንደነበረች፣ እኔ እንደተሳሳትኩ በክፍሉ ፊት ነገርኳት። እሺ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ለምን ታዲያ ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ሆነ ብላ ጠየቀችኝ፤ ፖዚቲቭና ኔጋቲቭ የሚሉትን ስሞች ስላወጣው ስለ ፍራንክሊን ሌላ ክር ልከፍት ነው።

31ኛው የመጣው ትናንት ማታ ነው። ከላይ ያለውን አንዱንም እንዳላነበበ ግልጽ ነው። ነገሩ ይህን ያህል የሚያከራክር እንዳልሆነ፣ ኤሌክትሮን በግሪክኛ ኃይል ማለት እንደሆነ፣ ይህንንም ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት 10ኛ ክፍል ሳለ ጎበዝ የፊዚክስ አስተማሪው እንደነገረው ጽፏል። የት እንደተማረ ልጠይቀው ጀምሬ አጠፋሁት።